ጎጆ ስወጣ የተከፈለልኝ አኒሞን

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልታይ ሆሳዕና ከተማ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ የዓሣ ገንዳ አየሁ። ውስጡ ሁለት ዓሦችና ከላስቲክ የተሠራ፣ አረፋው በነካው ቁጥር የሚወዛወዝ ሐምራዊ አኒሞን ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሕፃን እናቷን «ይሄ አበባ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየው «አዎ፣ የባሕር አበባ ነው» አለቻት። ማረም የአስተማሪ አመሌ ነውና «አበባ እንኳ አይደለም፣ እንስሳ ነው፤ ይበላል» አልኩ። ሁለቱም ጥርሴን ሳይሆን ጭንቅላቴን ልታከም የመጣሁ ይመስል አዩኝ። እውነተኛውን ያሳደገ ሰው ግን ላስቲኩ ፊት ቁጭ ብሎ ብዙ ነገር ያስታውሳል።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከጂቡቲ ወደብ ጭነት ያመላልሳል። ሌላው ሾፌር ከዚያ ሽቶና ጨርቅ ሲያመጣ የእኔ አባት በቢጫ ጀሪካን የባሕር ውሃ ይዞ ይመጣ ነበር። ባሕሩን ወዶት ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ሆሳዕና ያለ መስኮት ሠሪ መስታወት ቆርጦ በሲሊኮን አጣብቆ ገንዳ ሠራለት። ከጂቡቲ መብራት፣ ውሃ የሚገፋ ትንሽ ሞተርና ማሞቂያ መጡ፤ በመጨረሻም ድንጋይ ላይ የተጣበቀች አንዲት አኒሞን መጣች። ጣት የሚያካክሉ፣ ጫፋቸው ያበጠ ክንዶች ነበሯት፤ ቀን ቀን መብራቱ ሥር ተዘርግተው ይወዛወዛሉ። ስሟን መያዝ ያቃታቸው ጎረቤቶች የመጣችበትን አገር ስም አወጡላት። «ጂቡቲ ዛሬ በላች?» ይሉናል፤ እኛም ለመድነው።

አባቴ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ እንክብካቤዋ የእኔ ሥራ ነበር። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንምና፣ መስታወቱ ላይ በጥፍር ቀለም እስካሰመርነው መስመር ድረስ ንጹሕ ውሃ ብቻ እሞላለሁ። ከሐዋሳ የመጣ ዓሣ ሲገኝ ትንሽ ቆርጬ ክንዷ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ እየጎተተች ወደ አፏ ስትወስደው ማየት አይሰለቸኝም ነበር። ክረምት ላይ ብርዱና የመብራት መጥፋቱ አንድ ላይ ሲመጡ ቤቱ ሁሉ ይታዘዛል፤ አንዱ ውሃው አየር እንዲያገኝ በጆግ እየቀዳ ከፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ሌላው ትኩስ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ ያንሳፍፋል። አንድ መስቀል ላይ የአጎቴ ሚስት «እንግዳ ክትፎ ሳይቀምስ ይውላል እንዴ?» ብላ ቅቤ የጠገበ ክትፎ ቆንጥራ ሰጠቻት። ቅቤው ውሃው ላይ ተንሳፈፈና በዓሉን በማንኪያ ስንገፍፍ ዋልን።

የመምህራን ኮሌጅ ጨርሼ ዱራሜ ስመደብ፣ አባቴ በጉልበቱ ሕመም መንዳት አቁሞ ቤት መዋል ጀምሮ ነበር። የባሕሩን ውሃ የቀድሞ ባልደረቦቹ አልፎ አልፎ ያደርሱለታል፤ አኒሞን ፈልጎ፣ ሳትሞት እዚህ የሚያደርስለት ግን አልተገኘም። ለእሱ የቀረችው ያቺው አንዲቷ ናት። ወንበሩን ገንዳው ፊት አድርጎ ይውላል።

በእኛ አገር ወንድ ልጅ ጎጆ ሲወጣ አባቱ ከጓሮው እንሰት ይከፍልለታል። ታላቅ ወንድሜ ሲያገባ ገጠር፣ ጊምቢቹ ካለው ጓሯችን የተመረጡ ችግኞች ተነቅለው ተሰጥተውታል። ሴቷ የምትሄደው ወደ ሌላ ሰው እንሰት ነው ተብሎ ይታሰባል። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። እንሰት መትከል አምሮኝ አይደለም፤ «አንቺስ?» የሚለኝ ሰው መጥፋቱ ነው ያንገበገበኝ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ሳስገባ፣ ግማሹን በቀልድ፣ «አባዬ፣ ለወንድሜ እንሰት ከፍለህለታል። ለእኔ ምን ትከፍልልኛለህ?» አልኩት።

«አንቺ ደመወዝ አለሽ» አለች እናቴ ከጓዳ። አባቴ ወደ ገንዳው ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ፣ አዲስ ምላጭ ይዞ ገንዳው ፊት ቆሞ አገኘሁት። ሳሙና እንዳይጎዳት እጁን በውሃ ብቻ ታጥቧል። በአውራ ጣቱ ጥፍር እግሯን ከድንጋዩ ቀስ እያለ አላቀቃት። እናቴ የቡላ ገንፎ የምታማስልበትን እንጨት እንደያዘች መጣች።

«ልታርዳት ነው?»

«ልከፍላት ነው።»

«ያለችህ እኮ አንድ ናት።»

«እንሰቱንስ ቆርጠን አይደል የምናበዛው?»

እንሰት ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ አንድ ደህና እንሰት ይቆረጥና ሥሩ ላይ ያለው አሚቾ እምብርቱ ወጥቶ፣ ተሰንጥቆ፣ ፍግ ተጨምሮበት ይቀበራል። ከዚያ ብዙ ልጆች ይወጣሉ። አኒሞኗን የሸጠለት የጂቡቲ ሰውም እነዚህ ፍጥረቶች ራሳቸው ለሁለት እንደሚከፈሉ፣ ሰው ከቆረጣቸው ደግሞ አፋቸው ለሁለቱም ግማሾች መድረስ እንዳለበት ነግሮት ነበር። አባቴ ሳህን ላይ አጋድሟት አንዴ ቆረጠ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ፣ እንደ ታጠበ ካልሲ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች ወደ ገንዳው ሲመለሱ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ መብራቱን አጥፍታ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍናው ተገኘች። «የተከፈለ ነገር አፈር ይለብሳል እንጂ ተገልጦ ይድናል?» አለች። አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ብርድ ልብሱን አንስቶ መብራቱን አበራና፣ ይቺኛዋ ብርሃን ካላገኘች እንደማትኖር አስረዳት። አልተዋጠላትም።

እስክሄድ ድረስ ቤቱ በጭንቀት ሰነበተ። አንደኛዋ ድንጋይ ይዛ ክንዶቿን ዘረጋች፣ ምግብም ተቀበለች። ሁለተኛዋ ቁስሏ ቶሎ አልገጥም አላት፤ ትንሽ ትከፈትና መልሳ ትኮማተራለች። አባቴ ደህናዋን ከነድንጋይዋ አውጥቶ ባልዲ ውስጥ ሲያስገባልኝ እጁን ያዝኩት።

«የታመመችውን ስጠኝ አባዬ፣ ይቺ ላንተ ትሁን።»

«ለሚወጣ ልጅ ደህናው ነው የሚሰጠው» አለ።

በአንጋጫ በኩል በሚሄድ ሚኒባስ፣ ባልዲውን ጭኔ ላይ አድርጌ ዱራሜ ገባሁ። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ያው መስኮት ሠሪ የሠራልኝ ትንሽ ገንዳ ነበረች፤ ከልብሴ በፊት እሷን አደራጀሁ። ወደ ቤት በደወልኩ ቁጥር ስለ ቀረችው እጠይቃለሁ። «ደህና ናት፣ ትበላለች» ይለኛል አባቴ።

ለመንፈቅ እረፍት ቤት ስገባ ሞተሩ ይሠራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ውሃው ጥርት ብሏል፤ ድንጋዩ ላይ ግን ምንም የለም። እናቴ ጓዳ ወስዳ ነገረችኝ። «ከሄድሽ ብዙም አልቆየች። እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው።» እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ወጥቼ «የእኔን አመጣልሃለሁ» አልኩት።

«ወንድምሽ እንሰቱን መለሰልኝ? የተከፈለ የባለቤቱ ነው» አለኝ። ባዶውን ገንዳ ለምን እንደሚያበራ ስጠይቀው፣ ድንጋዩ ላይ ትንንሽ ነፍሳት አሉ አለ። እውነቱን ነው፣ አሉ። ሌላውን ምክንያት ግን እኔም አልጠየቅኩት።

በዓመቱ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔዋ ድንጋይዋን በሁለት አቅጣጫ ይዛ እንደ ሊጥ ተስባ አገኘኋት። በነጋታው ሁለት ሆነዋል። አንደኛዋ እግሯን እስክታደላድል ታገስኩና በዚያው ባልዲ ይዣት ሆሳዕና መጣሁ። አባቴ አይቶ ፊቱን አዞረ።

«የሰጠሁትን አልቀበልም ብያለሁ።»

«የሰጠኸውን ማን አመጣልህ?» አለች እናቴ። «የሰጠኸው እዚያው ዱራሜ ነው። ይሄ ልጁ ነው። የልጅ ልጅ አያቱ ቤት ሲመጣ በር ትዘጋለህ?»

አባቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ ባልዲውን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

አባቴ አምና አረፈ። ጓሮውን ስንካፈል ወንድሞቼ ለእኔም እኩል ቆረሱልኝ፤ ሕጉም እንደዚያ ይላል፣ እነሱም ደጎች ናቸው። በደስታ ተቀበልኩ፣ ምን አስዋሸኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አየሽ፣ ዛሬ ሴት ልጅም ይደርሳታል» ሲሉኝ፣ እናቴና እኔ ተያየን። አባቴ ማንም ሳያዘው፣ የነበረውን አንድ ነገር ለሁለት ከፍሎ የሚኖረውን ለእኔ ሰጥቶ፣ የሚሞተውን ለራሱ አስቀርቶ ነበር። «ለእኔስ ቀድሞ ደርሶኛል» ልላቸው ፈልጌ፣ እንባ ቀደመኝ።