ኦፍ የጨመርኩበት የሠርግ ጥሪ

ዛሬ ከሰዓት የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ በዕብራይስጥ አያቴ ስትል «ሳባ፣ ኮል ኦፍ ምንድን ነው?» ብትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ይቺን ቃል የተማርኳት በገዛ ሠርጌ ነው።

እስራኤል መጥተን ቂርያት ማላኪ ከተማ በገባን በዓመቱ ነው፤ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ዕብራይስጥ በምንማርበት በኡልፓን አስተማሪያችን ከእንግሊዝ የመጣች ወጣት ነበረች። ዕብራይስጡ ገና ስላልገባኝ፣ ጎንደር በተማርኳት እንግሊዝኛ የሠርግ ጥሪ ጻፍኩላት።

ኮል መጥራት መሆኑን አውቃለሁ። ብቻዋን ደረቅ ብትሆንብኝ ኦፍ ጨመርኩላት፤ ለክብር ብዬ። «ዊ ኮል ኦፍ አወር ዌዲንግ።»

ለካ ሠርጋችንን ሰርዘናል ማለት ኖሯል።

በሠርጉ ቀን አስተማሪያችን ልታጽናናን ኬክ ይዛ መጣች። እናቴን አቅፋ አለቀሰች። እናቴ ደግሞ የደስታ እንባ መስሏት እልል አለች። አስተማሪዋ አንዴ ከበሮውን፣ አንዴ እኔን እያየች ቆማ ቀረች።

ይህን ለልጅቷ ስነግራት ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ሰማችን።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ያ ወረቀት አሁንም ይሠራል?» አለች።

እናንተስ፣ በአንዲት ትንሽ የፈረንጅ ቃል ጉድ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ባለቤቴ ወረቀቱን እየፈለገች ነው።