ሽበቱን ወደ ታች

ድርቁ በገባ በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው፣ በውል አላስታውስም። ብቻ እናቴን ፍለጋ የተመለስነው ገበሬው ዝናቡን እየጠበቀ መሬት የሚያጸዳበት ወቅት ነበር።

እናቴ ከጎንደር ስንሰደድ የሱዳኗን ገላባት አልፈን፣ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ያረፈችው። መቆፈሪያ ስላልነበረን ከአንድ ኮረብታ ሥር በድንጋይ ሸፈንናት። አጠገቧ ትልቅ ግራር ነበር፤ እሱን ምልክት አድርጌ መንገዴን ቀጠልኩ። በእኛ አገር እንዲያ ያለ ዛፍ ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆማል።

ገዳሪፍ ከተቀመጥን በኋላ፣ የዚያ ኮረብታ ሥር በትራክተር ሊታረስ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። አጽሟን አፍልሼ ቤተ ክርስቲያን ማሳረፍ አለብኝ አልኩና ከባለቤቴ ጋር በሎሪ ሄድን። ስንደርስ ግራሩ የለም። ከሰል አክሳዮች ቆርጠውታል። የድንጋዩ ክምር ደግሞ ብዙ ነው፤ በዚያ መንገድ የሞተብን እኛ ብቻ አልነበርንም። ድንጋዩ ላይ ያ እንደ ቅርፊት የሚለጠፈው አመድማና ብጫ ነገር አለ፤ እኛ የድንጋይ ሽበት እንለዋለን። ለእኔ ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ ባለቤቴ ታየኛለች።

«እስኪ ቁጭ በል አንተ ሰው። ያየኸው ክምር ሁሉ እናትህ ነው?»

«ሳላገኛት ከዚህ አልነቃነቅም።»

«ማን ተነቃነቅ አለህ? ከላይ ሽበት የሌለበትን ፈልግ።»

«ለምን?»

«ሽበታሙን ፊት ወደ ታች አድርጌ የደረደርኩት እኔ ነኝ። አንተ ታለቅስ ነበር፣ አላየኸኝም። መገነዣ እንኳ አልነበራት፤ ልብስ ያለው ጎን ይንካት ብዬ ነው።» ቀጥላም፣ «በሕይወቷ አንድ ሥራዬን ሳትወድልኝ ቀረች» አለች።

ከላይ የተራቆተ ክምር ሁለት አገኘን። ከመጀመሪያው አንድ ድንጋይ ቀስ ብዬ ገልበጥ አደረግሁ፤ ከሥሩም ሽበት የለበትም። ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ከሁለተኛው አነሳሁ። ከሥሩ ሽበቱ አለ፤ ፀሐይ አጥቶ ነጥቷል፣ በጣቴ ስነካው ረገፈ። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ሁሉም ፊታቸው ወደ እሷ ነው።

ባለቤቴ ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋች።

ስንመለስ ሎሪው ሰው በሰው ነበር። ልያዝልሽ ብላት እንቢ አለች። እናቴን እስከ ገዳሪፍ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣቻት ያቺው ምራቷ ናት፤ ባለቤቴ።