ማንም ያልተከራየው ፊልም

አብነት ሰፈር የነበረው ፊልም ማከራያ ሲዘጋ ሰው ሁሉ የአክሽን ፊልሞቹን ለመግዛት ተሻማ። እኔ ግን የሱቁን ባለቤት «ማንም ተከራይቶት የማያውቅ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ያዘነልኝ መሰለኝ፤ አቧራ የጠጣ ካርቶን ከባንኮኒው ስር ጎትቶ አወጣልኝ።

ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለችው ጠባብ ሳሎናችን አንዱ ግድግዳዋ በዲቪዲ ተሸፍኗል። ጭጋግ፣ ባዶ ባቡር ጣቢያ፣ መስኮት ላይ ቆማ የምትተክዝ ሴት፤ ከነዚህ አንዱ ካለበት የኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ከጭጋጉ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ፊልሞቹን ሌላ ሰው አለማየቱ ነው። አንድ ባልደረባዬ ከምወዳቸው አንዱን «አይቼዋለሁ፣ አሪፍ ነው» ያለኝ ቀን ፊልሙ ወዲያው ረከሰብኝ።

ባለፈው የልደታ ማርያም ክብረ በዓል የሚስቴ እናት ቤታችን መጡ። ምሳ ከተበላ በኋላ ግድግዳውን ቃኝተው «እስቲ ከነዚህ አንዱን አሳየኝ» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ስጠብቅ ኖሬያለሁ!

«እማዬ፣ ተይ ይቅርብሽ» አለች ሚስቴ። አልሰማኋትም።

ሐይቅ ዳር ጀልባ ስለሚጠብቅ ሽማግሌ የተሠራ ፊልም ከፈትኩ። ሽማግሌው መጥቶ ተቀመጠ። ጭጋጉ ወረደ። ከዚያ ምንም የለም።

«ቆመ እንዴ?» አሉ አማቼ።

«አልቆመም እማማ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ዳይሬክተሩ ጊዜን ራሱን እያሳየን ነው። ዝምታውን ያዳምጡት።»

አዳመጡ። እኔም ስለ ብቸኝነት፣ ስለ መጠበቅ፣ ጭጋግ ስለ ነፍስ ስለሚናገረው ነገር አብራራሁ። እሳቸው በትህትና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የሽማግሌውን ግራ እጅ መተንተን ስጀምር ሚስቴ ተነስታ ወደ ማጫወቻው ጠጋ አለች።

«ሰዓቱ አይቆጥርም እኮ! ዲስኩ ተጭሮ ቆሟል።»

አማቼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሚስቴም ተከተለቻቸው። እኔ «ቢሆንም ምስሉ…» ብዬ ጀመርኩና ዲስኩን ከማጫወቻው አወጣሁት።

ዲስኩን በሸሚዜ ጠርጌ ወደ መደርደሪያው ልመልሰው ስል አማቼ ከለከሉኝ።

«ኧረ ክፈተው! ጀልባው መምጣቱን ሳላይማ አልሄድም።»

ዲስኩ አሁን እስከ መጨረሻው ሄደ። ጀልባው አልመጣም። የተዋንያኑ ስም መውረድ ሲጀምር አማቼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ክፍል ሁለት አለው?»

«የለውም እማማ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው የሠራው!» ብለው ተቆጡ።

በሳምንቱ ደውለው፣ ልጃቸውን ሰላም ካሉ በኋላ «እስቲ ባልሽን አገናኚኝ» አሉ። ሌላ ሽማግሌ ያለበት ፊልም እንዳለኝ ሊጠይቁኝ ነበር። ይኸው አሁን እሁድ እሁድ ይመጣሉ፤ ሚስቴ ጎረቤት ትሄዳለች። እኔ ላብራራ አፌን ስከፍት ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉኛል።

«ተው ልጄ፣ እያየሁ ነው።»