የልብ አተላ እናጥባለን ያሉኝ ሰዎች

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ይሄ ግን አልወጣልኝ አለ። አሁን እንኳ ስጽፈው ምራቄ አፌን ይሞላዋል፤ ያቅለሸልሸኛል።

የምኖረው ወሰን ሰፈር ነው። ጠላ እየጠመቅኩ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ገና ከታች ክፍል ስላቋረጥኩ አጻጻፌ ቢወላገድ እለፉኝ። ቤዛ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ከክፍሏ ልጆች ጋር እንጦጦ ፓርክ ሄዳ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ አለች። ልጆቹ “አሮጊቷ” እያሉ ቀለዱባት። ቤት መጥታ ስትነግረኝ እኔም ስቄ ነበር። ሲደጋገምባት ግን ሳቁ ጠፋና ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ቴሌቪዥን በመሰለ ነገር ልቧን አሳየኝ። የዓሣ አፍ ይመስላል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዘገነነኝና ፊቴን አዞርኩ። ሰውየው ግን ታጋሽ ነው፤ የራሱን እጅ እየጨበጠ እየፈታ አስረዳኝ። ልብ ሲላላ ደም ይሞላል፤ ሲጨበጥ ደሙን ወደ ሰውነት ይገፋል፤ የገፋው ተመልሶ እንዳይመጣ ደግሞ በር አለው። የቤዛ በር ትንሽ ሆና በታመመችው የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ወፍሯል፤ ገጥሞ አይዘጋም። ስለዚህ ልቧ በተጨበጠ ቁጥር የተወሰነው ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። በሩ ከዚህ የባሰ እንዳይበላሽ በየወሩ መርፌ መወጋት አለባት፤ አንድም ወር እንዳታስዘልያት አለኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። የገባኝ ግን ግማሹ ነው። ደሟ ወደ ኋላ ይመለሳል የሚለውን ይዤ እንቅልፍ አጣሁ። መርፌው ደግሞ ያማል። ተወግታ ስትመለስ ታነክሳለች፤ ቀኑ ሲቃረብ ምግብ ይዘጋታል።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ይህን አይተው፣ መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ የልብን ቆሻሻ በእግር በኩል የሚያወጡ ሰዎች እንዳሉ ነገሩኝ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ለእሳቸውም ሰው ነግሯቸው ነው።

ሄድን። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ተቀበለችን። ዶክተር የምትለው ሰውዬ ከረባት አስሯል፤ ሽቶው ገና ከደረጃው ይቀበላል። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ጠላ ስለው ደስ አለው።

“በቃ እናቴ፣ ይሄማ ከማንም በላይ እርስዎ ይገባዎታል” አለኝ። “ጠላ ጋን ውስጥ ሲቆይ አተላው ከሥር ይረጋ የለ? የልጅዎም ልብ እንደዛው ነው። ደሙ ተኝቶ አተላ ሠርቷል። በሩን አላዘጋ ያለው እሱ ነው።”

አተላ ሲለኝ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሐኪሙ ሲናገር ያልገባኝን ግማሽ ይሄ ሰው የሞላልኝ መሰለኝ። መርፌው አተላውን ስለሚያበዛው ይቅርባትም አለ። ቀጠሮዋ በማግስቱ ነበር። ቤዛ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ።

ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ መጣ። ልጅቷ ጨው ነሰነሰችበት፤ ሽቦ የተቀጠለበት ብረት ከተተችበት፤ ቤዛም እግሯን አስገባች። ማሽኑ ሲበራ ውሃው ይፍለቀለቅ ጀመር። መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ደፈረሰ። ቆይቶ ጠቆረና ላዩ ላይ ቅርፊት የመሰለ ነገር ይንሳፈፍ ጀመር። የሚሸተው ደም ደም ነው። በነጠላዬ አፍንጫዬን ያዝኩ። ከጎናችን ወረፋ የሚጠብቁ፣ እግራቸው ያበጠ አንዲት አሮጊት “እንዲያው የልጅ ልብ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው” ብለው አማተቡ።

ቤዛ ውሃውን እያየች “እማዬ፣ ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር?” አለችኝ።

እግሯን መንጭቃ አወጣችና በባዶ እግሯ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። ስታስመልስ እስከኛ ይሰማል። ጋዋን የለበሰችው ልጅ ተከተለቻት። እኔም ልነሳ ስል ዓይኔ ሳፋው ላይ ቀረ።

እግር የለበትም። ይፍለቀለቃል፤ መጥቆሩንም አልተወም። በመጀመሪያ የሰይጣን ሥራ መስሎኝ ስመ ሥላሴ ጠራሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቅርፊቱ የሚመጣው ከብረቱ ነው፤ እየተላጠ ብቅ፣ እየተላጠ ብቅ ይላል። ዝገት ነው። ልጄን ያስመለሳት፣ እኔን ያንገሸገሸኝ፣ የእነሱ ብረት ዝገት ነው።

ልጅቷ ስትመለስ ንጹሕ ውሃ አምጥታ እግር ሳይገባበት እንድታበራው ነገርኳት። አንገቷን ደፋች። ሰውዬው ድምፄን ሰምቶ መጣ። ልጅሽ የተወችው ርዝራዥ ነው አለ፤ እርስዎ ማለቱን እንኳ ረስቶታል።

“ርዝራዥ ከሆነ ንጹሑ ላይ አብራና አሳየኝ” አልኩት።

አላበራም። ሰው እየረበሽሽ ነው ብሎ በሩን አሳየኝ። ይሄኔ አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

“እኔማ ስመላለስ ከርሜ ውሃው መቼ ነው የሚጠራልኝ እያልኩ ነበር። ለካ የምታጥቡት ብረታችሁን ኖሯል” አሉት።

ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ቤዛ ቤት ገብታ እግሯን በሳሙና ፈተገችው፤ እስኪቀላ። የብረቱን ነገር ብነግራት ላጽናናት ብዬ የምዋሽ መሰላት። በማግስቱ ለመርፌው ስቀሰቅሳት አልነሳም አለች።

“ቆሻሻ ልብ ነው ያለኝ። መርፌ ምን ያደርግለታል?”

ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ መጨረሻ ላይ አልቅሼ ነው ጤና ጣቢያ ያደረስኳት። ለነርሷ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችብንም። ማዳመጫውን ቤዛ ጆሮ ላይ ሰካችና ጫፉን እዚያው የቤዛ ደረት ላይ አደረገችው።

“ስሚው። ሞላ፣ ገፋ። ሞላ፣ ገፋ። ስትተኚም እንዲሁ ነው። ደሙ መቼ አርፎ አተላ ይሠራል?” አለቻት።

ቤዛ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከዚያ ማዳመጫውን ለእኔ ሰጠችኝ። ዱብ ዱብ ይላል፤ በመሃል ደግሞ እሽ የሚል ድምፅ አለ። ያ በበሩ ሾልኮ የሚመለሰው ደም እንደሆነ ነርሷ ነገረችኝ። ፈራሁ፤ ግን የሰማሁት ደም ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ቤዛ ያለ ወትሮዋ ክርክር ሳታበዛ ተወጋች።

እትዬ አስካለ ሲሰሙ አፍረው ሰነበቱ። ሰዎቹ ግን ዛሬም ክፍት ናቸው፤ መገናኛ ባለፍኩ ቁጥር ሰው ደረጃውን ሲወጣ አያለሁ። አንዳንዱን አስቁሜ እነግራለሁ፤ የሚሰማኝም የሚገላምጠኝም አለ። የንስሐ አባቴ ይቅር በይው ይሉኛል። ሞክሬ ነበር።

ቤዛ ከዚያ ወዲህ አንድም መርፌ አልዘለለችም። ግን እግሯን በታጠበች ቁጥር ውሃውን ከመድፋቷ በፊት ጎንበስ ብላ ቀለሙን ታያለች። እኔ እንዳላያት ቶሎ ትደፋዋለች። አያታለሁ። ያን ጊዜ ያ ሰውዬ ከነከረባቱ ፊቴ ድቅን ይልና የጀመርኩትን ይቅርታ እተወዋለሁ።