የየሳምንቱ እንግዳ

ሲሃም አጠገቧ ሰው ሲተክዝ ዝም ብላ መቀመጥ አይሆንላትም። ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ሽቶና ሻሽ ከሚሸጡት እናቷ ጋር ገበያ መሃል ያደገች ልጅ ናትና ዝምታ ያፍናታል። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ታዲያ ከጁባ የመጣች የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የዶርም ጓደኛ ሆና ደረሰቻት። ልጅቷ እሁድ እሁድ ግድግዳ ስታይ እንደምትውል ባየች ጊዜ፣ ነገሩ የሲሃም የራሷ ጉዳይ ሆነ።

የልጅቷ ስም ጆኩዱ ነው። መለሎ ናት፣ ጥርሷ ለሳቅ የተፈጠረ ነው፤ ድሬዳዋ ከገባች ወዲህ ግን ሳቋን ሻንጣዋ ውስጥ የቆለፈችበት ይመስል ነበር። አማርኛ አታውቅም። ሁለቱ የሚግባቡት ጆኩዱ ከጁባ ባመጣችው ዐረብኛና ሲሃም መድረሳ በተማረችው ዐረብኛ ነው። ሁለቱ ዐረብኛዎች ብዙም አይተዋወቁም፤ ባለቤቶቻቸው ግን ቶሎ ተዋወቁ።

አንድ ቅዳሜ ሲሃም አላስችላት አለ። «ክርስቲያን ነኝ ትያለሽ፣ እሁድ ተጋድመሽ ትውያለሽ። እኔ ሳልሰግድ ብውል እናቴ እራት ትከለክለኛለች» አለቻት። ጆኩዱም የሆዷን አወጣች። በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትዘምር ነው ያደገችው፤ እዚህ ግን ከማን ጋር የት እንደምትሄድ አታውቅም። ሲሃም ይህን ስትሰማ ሳቀች። አቦ፣ ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል ቀን የተተከዘው?

በማግስቱ ባጃጅ ይዘው ሳቢያን ሰፈር ሄዱ። የሲሃም የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛ ሃሌሉያ እዚያ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምር ናት። ሲሃም በር ላይ የጆኩዱን እጅ ይዛ ለሃሌሉያ አስረከበቻት። «አደራ፣ ይቺ የኔ ናት፤ እንደሰጠሁሽ መልሺልኝ» ብላ በመጣችበት ባጃጅ ተመለሰች።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ማራገቢያዎቹ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ ያለፈ ሥራ የላቸውም። ሃሌሉያ እንግዳዋን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣት ወደ መዘምራኑ ወጣች። ከበሮው ሲጀምር ጆኩዱ ቃሉን ባታውቀውም እጇ ያውቀው ነበርና ማጨብጨብ ጀመረች። ከመዝሙሩ በኋላ መሪው በአማርኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሃሌሉያ ከመድረክ ላይ በእጇ «ተነሺ፣ ተነሺ» አለቻት። ጆኩዱ ተነሳች።

ያን ጊዜ የሆነውን ለሲሃም ስትነግራት ትንፋሽ አልበቃትም። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ አጨበጨበ፣ ዘመረ፤ ሕፃናቱ ዘለሉ፤ የማታውቃቸው እናቶች አቅፈው ሳሟት። ጋሽ አየነው የሚባሉ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ አስተናጋጅ ጓሮ ወዳለች ክፍል ወስደው ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ ቀዱላት፣ ጸለዩላት፣ ስሟን ጠየቋት። ጆኩዱ ሙሉውን ቀን እግሯ መሬት አልነካም። እናቷ ጋ ደውላ «እዚህ ሰው አለኝ» አለቻቸው።

ስህተቱ የተወለደው እዚሁ ላይ ነው። ጁባ፣ እነሱ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ በሳምንቱ ደስ ያለው ሰው ይቆማል፤ ምዕመኑም ይዘምርለታል። ጆኩዱ የሳቢያኑም ያው መሰላት። በሁለተኛው እሁድ መሪው ያንኑ ሲናገር፣ ሳምንቷ ጥሩ ነበርና ተነሳች። ፈተና አልፋለች፣ ሃሌሉያ ደውላላታለች፤ እንዴት ትቀመጥ? ተዘመረላት፣ ታቀፈች። በሦስተኛውም ተነሳች። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት» ይባላል፤ ይቺ ግን በየሳምንቱ ወርቅ ሆና ቀረች። አንድም ሰው «ልጄ፣ የሚቆመው አዲስ የመጣ ነው» አላላትም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አዳራሹን በሙሉ አፉን ዘግቶታል።

የድሬ ልጅ ግን ይሉኝታ አይዛትም። ሃሌሉያ ስልክ ላይ እየሳቀች ያወራቻትን ሲሃም እንደወረደ ለጆኩዱ ተረከችላት። «እንግዳ ቁሙ ሲባል እኮ ነው የምትቆሚው። በየሳምንቱ አዲስ ነሽ» አለቻትና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጆኩዱ አልሳቀችም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ለጭማቂ የምመጣ መስሏቸው ይሆን? ሲያቅፉኝ እየሳቁብኝ ነበር? አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚህ ከተማ ስሟን የሚጠሯት ሲሃምና እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቻ ናቸው። አዳራሹን ካጣች እሁዷ ያው እንደ ድሮው ሊሆን ነው፤ ከሁሉም የከፋት እሱ ነበር።

ሲሃም ሳቋን ዋጠች። አጠገቧ ተቀምጣ ቀስ ብላ ነገረቻት። ሃሌሉያ የሳቀችው ከፍቅር ነው። ያቺ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ እምብዛም አይመጣባትም፤ እንግዳ ከሌለ ደግሞ የእንግዳው መዝሙር አይዘመርም። ጆኩዱ ከመጣች ወዲህ በየሳምንቱ ይዘመራል፣ ሕፃናቱም ሲጠብቁት ይሰነብታሉ። «ካፈርሽ ሂጂና ቁጭ በይ። ቁጭ በማለት የሞተ ሰው የለም» አለቻት።

እሁድ ጠዋት ጆኩዱ ሁለት ጊዜ ለብሳ ሁለት ጊዜ አወለቀች። በመጨረሻ ብቻዋን ባጃጅ ያዘች፤ አዳራሹ ስትደርስም በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱ ደረሰና መሪው «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ» አለ።

ማንም አልተነሳም። ሕፃናቱ ወደ ኋላ ዞረው ፈለጓት። ከበሮ መቺው እጁን አንስቶ ይጠብቃል። ጆኩዱ የወንበሯን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣለች። ጋሽ አየነው በመተላለፊያው ቀስ ብለው መጡና ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ምነው ዛሬ? አመመሽ እንዴ?»

ያላትን ጥቂት አማርኛ ሰበሰበች። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር ያሰበችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ጋሼ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም» አለች።

አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ጋሽ አየነው ቀና አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ መድረኩ ዞረው «እንግዳ አይደለሁም እያለች ነው» አሉ። ከመዘምራኑ መሃል ሃሌሉያ እልል አለች። ከበሮ መቺው ማንንም ሳያስፈቅድ መታው፤ መዝሙሩ ያን ቀን እንግዳ ሳይኖር ተዘመረ። ጆኩዱም ተቀምጣ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች ዘመረች።

አምልኮው ሲያልቅ ወደ ጓሮዋ ክፍል የጠራት የለም። ሁሉም ለሕፃናቱ ትምህርት ወንበር ወደ ውጭ ያወጣል። እሷም አምስት ስድስት ወንበር ደራርባ አነሳችና ፀሐዩ ላይ ወጣች። ስማቸውን የማታውቃቸው አንዲት እናት ከማዶ ጮኹባት።

«አንቺ ረጅሟ! ሰማያዊውን ከነጩ ጋር ማን ቀላቅዪ አለሽ? አምጪው ወደዚህ!»

ሃሌሉያ እየሳቀች በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረጎመችላት። እንግዳን ማንም አይቆጣም። ጆኩዱ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ ጥርሷ ሁሉ ወጥቶ፣ ወንበሮቹን ተሸክማ ወደ ሴትየዋ ሮጠች።