በአስማረ ፍሬን ውስጥ የጨመርኩት ዘይት

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ሳትሰማው አረፈች። ለንስሐ አባቴ የገደፍኩትን ጾም፣ የተሳደብኩትን ስድብ፣ የዋሸሁትን ትንንሽ ውሸት ሁሉ ዘርዝሬ ስሰግድ ኖሬአለሁ። ይህችን ግን በየዓመቱ ከምላሴ ሥር ይዣት ሄጄ፣ ከምላሴ ሥር ይዣት ተመልሻለሁ። እሳቸውም አርፈዋል። አሁን የቀራችሁኝ ይህን ወረቀት የምታነቡ እናንተ ናችሁ። እባካችሁ አትቸኩሉብኝ፤ ደክሞኛል፣ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ደምሌ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ መኪና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። መፍቻ የሚይዝ ሞልቷል፣ ዘይት የሚያውቅ ግን ደምሌ ነው ይባል ነበር፤ እኔም እንደዚያው እል ነበር። አገራችን ለዘይት አስቸጋሪ ናት። ጉና ተራራ ሥር ያደረ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ወፍራም ዘይት ከተሞላ፣ ብርዱ እንደ ማር ያረጋበትና ጠዋት ባትሪው እስኪያልቅ ቢያቃስት አይነሣም። ያው መኪና ቀትር ላይ እብናት ሲወርድ ደግሞ ቀጭኑ ዘይት ውሃ ይሆንና ሞተሩን ያስበላዋል። ለካምቢዮው ሌላ ነው፣ ለመሪው ሌላ ነው። ራዲያተሩ የጉድጓድ ውሃ ካጠጡት ውስጡ ድንጋይ ይይዛል፤ እኔ ለሱ የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅም ነበር። የፍሬኑ ግን ከነዚህ ከአንዱም ጋር ዝምድና የለውም። በፍሬኑ ቦታ የሞተር ወይም የማሽን ዘይት ከገባ፣ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች፣ ጎሚኒ የምንላቸው፣ ያብጣሉ። ፍሬኑ መጀመሪያ ይይዛል፣ ይግላል፤ ከዚያ አንድ ቀን እግር ሥር ባዶ ይሆናል። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅሁም ነበር የምትለዋን ቃል ገና ከመነሻው ልተዋት።

ዘይቶቼን የማስቀምጠው በተገኘው ጀሪካን ነበር። ስም አልጽፍባቸውም። ጠብታውን በሁለት ጣቴ ፈትጌ፣ አሽትቼ እለያለሁ። ሰው ሲሰበሰብ ዓይኔን ጨፍኜ እለይ ነበር፤ አቤት ሲያደንቁኝ! አንድ የእርሳስ ቁራጭ፣ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይበቃኝ ነበር። መጻፍ የሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ነው እል ነበር።

አስማረ ወዳጄ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው አያ ደምሌ ይለኛል። ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት ያረጀች ናፍጣ ሚኒባስ በጨረታ ገዛ። ከእሱ ትበልጥ ይሆናል በዕድሜ፤ እኛም አሮጊቷ እንላት ነበር። ከደብረ ታቦር እብናት ነጋዴ ያመላልስባታል። አስማረ የእኔን ቃል እንደ ቄስ ቃል ነበር የሚሰማው። ይህን ዘይት አድርግ ካልኩት ያደርጋል፣ ቀይር ካልኩት ይቀይራል። ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄዶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ጭኖ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። የፍሬኑ ዘይት ጎድሏል፣ ሙላልኝ አለ። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተደፍኖ ነበር። ሁለት ጀሪካኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የፍሬን ዘይት፣ አንዱ የመንገድ ሥራ ማሽነሪ ሹፌር የተወልኝ ቀጭን የማሽን ዘይት። በመልክ አይለያዩም። አንዱን አነሣሁና በጣቴ ፈተግሁት። ሙልጭልጭ አለብኝ። ይህ ነገር እንጃ ብሎ ሆዴ ተናገረ። የተሳፈሩት ነጋዴ ሴቶች ከውስጥ ገበያው ሊያመልጠን ነው እያሉ ያዋክቡናል። አንዷ፣ ጥሩነሽ የምትባል ጤፍ ነጋዴ፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፦

«ኧረ አያ ደምሌ፣ ዛሬስ ዘይቱ ጠፋብህ መሰል!» ብላ ሳቀች።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ጨመርኩት። ምን ነበረበት ቆይ፣ እጠራጠራለሁ ብል? በአንድ ስኒ ውሃ ላይ አንዲት ጠብታ መጣል ይበቃ ነበር፤ የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ይዋሐዳል፣ የማሽን ዘይት ይንሳፈፋል። የስኒ ውሃ ነው የምላችሁ! ሰው ፊት ግን ደምሌ ዘይት በውሃ አይፈትንም። ጨመርኩት።

በሁለተኛው ቀን አስማረ እንደገና መጣ። ፍሬኑ እየያዘ ነው፣ ጎማው ይግላል አለኝ። እናንተ አሁን የምታውቁትን እኔ ያን ጊዜ አውቅ ነበር። ያበጠ ጎሚኒ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ከፍቼ ባየው ግን ስሕተቴ በሰው ፊት ሊወጣ ነው። ሲሠራ ይለቃል፣ ሂድ አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። የመጀመሪያውን ጥፋቴን አንዳንዴ ስሕተት ብዬ ልጠራው እሞክራለሁ። ለሁለተኛው ግን ስም አጥቼለታለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ እብናት መውረጃው ላይ፣ ረፋድ ላይ ፍሬኑ ባዶ ሆነ። አስማረ መኪናዋን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወስዶ አላተማት። ያ ብልሃቱ አሥራ አንድ ሰው አተረፈ። በር አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው ጥሩነሽ ግን ሞተች። ነፍሷን ይማር። የሳቀችብኝ ጥሩነሽ።

አሮጊቷን ጎትተው እኔ ግቢ አስገቧት። የትራፊክ ፖሊሱ፣ መኪናዋን የምታውቃት አንተ ነህ፣ መርምርና ንገረኝ ብሎኝ ለምሳ ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። ከፍሬን ዘይቱ ዕቃ ውስጥ ጠብታ ወስጄ፣ በዚያች በተጠየፍኳት ስኒ ውሃ ላይ ጣልኩት። ተንሳፈፈ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ያኔ ተነሥቼ ወደ ፖሊሱ መሮጥ ይቻል ነበር። እኔ ግን በሩን ዘጋሁ። ያበጡትን ጎሚኒዎች አወጣሁ፣ ምድጃ ውስጥ ጣልኳቸው፣ አዲስ ከተትኩ፣ አጥቤ ትክክለኛውን ዘይት ሞላሁ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ሠርቼ አላውቅም። ሰውየው ሲመለስ ረግጦ ሞከረው። ያዘለት።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አልኩት። «ፍሬኑ ደህና ነው» ብዬም ፈረምኩ።

ፍሬኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። አስማረ ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ። ሚስቱ ሕፃን አዝላ ስንቅ ስታመላልስ በጋራዤ በር ታልፍ ነበር፤ አያ ደምሌ እንደምን አደርህ ትለኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን እላታለሁ። እግዚአብሔርን!

ከእስር ሲወጣ የጥሩነሽ ወንድሞች ከእሱ ጋር ደም እንዳይፈላለጉ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። አዎ፣ እኔ። እምቢ ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ተቀመጥኩ። በአገራችን ደንብ ጥፋተኛው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ ይላል። አስማረ ድንጋዩን አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገ። እንዳይወድቅበት በአንድ እጄ ደግፌለታለሁ። የእኔን ድንጋይ እሱ ተሸክሞ፣ እኔ ስደግፈው! ወንድሞቿ አለቀሱ፣ ማሩት። እኔ ተነሥቼ መረቅሁ።

ይህ ሁሉ ግን ከኋላው ከመጣው ያንሳል። አስማረ ጉና ሥር ወንድሙ ዘንድ ገብቶ ድንች ያለማል። ከዚያች ቀን ወዲህ መኪና አይሳፈርም፤ ደብረ ታቦር ሲመጣ በእግሩ ነው። ሲመጣ ደግሞ እኔ ዘንድ ያርፋል፤ ወዳጁ ነኛ። ስለ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ሲቀየር ስለሚረገጠው፣ በየጊዜው አንዲት ነገር ይጠይቀኛል።

«አያ ደምሌ፣ አንተ ታውቃለህ። ሰው ፍሪሲዮን ረግጦ ፍሬን የረገጠ ሊመስለው ይችላል?»

ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? ድንጋጤ ነው፣ ይሆናል አልኩት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በጠየቀኝ ቁጥር። እሱም ራሱን ይነቀንቅና ቀኝ እግሩን ቁልቁል ያያል። የገዛ እግሩን አላምነው ብሎ ይኸው አረጀ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ እኔ ስሰድበት የኖርኩት የወዳጅ ፊት እያሳየሁ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔው አልጠራም። ሁሉም እየሞተ ነው፤ የትራፊክ ፖሊሱ ሞቷል፣ የአስማረ ሚስት ሞታለች። እሷ ባሏ በእግሩ ስሕተት ሰው እንደገደለ አምና ተቀበረች። እኔም እንዲሁ ተሸፋፍኜ ልሄድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ያቺ በጀርባ ታዝላ የነበረችው ልጅ፣ ማስተዋል፣ ጋራዤ መጣች። ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፣ ያገለገለች ናፍጣ ሚኒባስ ለመግዛት ተስማምታለች። አባቷ ግን ውግዝ ብሏታል።

«የኛ እግር አይታመንም፣ ዘሬ መሪ አይይዝም ይለኛል፣ ጋሼ። እንዳልገዛት ረገመኝ። አንቱን ይሰማል፤ አንቱ ካልለመኑልኝ ማን ይለምንልኛል?» አለችኝና ጉልበቴን ሳመች።

ካልተፈቀደላት ተመልሳ ልትሄድ ነው፤ ወደ ሰው ቤት፣ ወደ ሰው ልጅ። ከዚያ የመጣችበትን እጅዋን አይቼዋለሁ፤ በማጠቢያ መድኃኒት ተልጦ የዳነ እጅ ነው። እሺ እለምንልሻለሁ አልኳት። ምን ብዬ ነው የምለምነው? አስማረ ሆይ፣ ልጅህን ፍቀድላት፣ እግርህ ቢያጠፋም የሷ አያጠፋም ልበለው? ይህንንም ልል እንደምችል ስላወቅሁ ነው የፈራሁት። አፌ ለምዶታል።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስማረ ከጉና ሥር በእግሩ ሊሳለም ሲመጣ፣ በሰው ሁሉ ፊት እነግረዋለሁ። የጥሩነሽ ወንድሞችም ይሰማሉ። ሕግ የሚጠይቀኝ ካለ ቤቴ ይታወቃል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ራሴን ስለማላምነው ነው። ወረቀቱን አሁን ለማስተዋል እሰጣታለሁ፤ እሑድ ምላሴ ከተያዘ አባቷን አስቀምጣ ታነብለታለች። ዛሬ ማታ ሳታነበው አትቀርም። ታንብበው።

ድንጋይ አልሸከምም። ንቄው አይደለም። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው አልምርም ማለት በአገራችን ነውር ነው፤ ሰው ሁሉ ይማጠነዋል፣ ካህናቱ መስቀል ይዘው ይገቡበታል፣ ሳይወድ በግዱ ይምረኛል። አስማረን አንድ ጊዜ ያላጠፋውን አስለምኜዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ያልፈለገውን ምሕረት አላስገድደውም። አንገቴን ቀና አድርጌ ባዶ እጄን እቆማለሁ። ረግጠኸው ነበር፣ ፍሬኑን ነው የረገጥከው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ማረኝ ግን አልለውም፤ አልምርህም ካለኝም ቤቴ እገባለሁ።