የስለት ቢላ

እናቴ አልጋ ላይ በዋለች በሁለተኛው ወር አባቴ ለአጥቢያችን ለማርያም ሙክት ተሳሉ። ቃላቸው አጭር ነበር፦ «ከአልጋ ከተነሣች ሙክት አስገባለሁ።» ስለት የሚገባው የተለመነው ነገር ሲደርስ ነው። አባቴ ግን ያን አልጠበቁም። በሳምንቱ ከቡሬ ገበያ አንድ ነጭ ሙክት ነድተው መጡና ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር አሰሩት። ከዚያ ቢላቸውን ከግድግዳው አውርደው እጄ ላይ አኖሩት።

«ሳለው» አሉኝ።

በቤታችን የዓመት በዓሉን በግ የሚያርዱትም ቢላውን የሚስሉትም እሳቸው ነበሩ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በጋዜጠኝነት አሳልፌ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ቢላዬ ሲደነዝዝ ሌላ እገዛለሁ እንጂ ስዬ አላውቅም።

ወደ ቤታቸው ከመምጣቴ በፊት፣ ሆስፒታል እናቴን ያየው ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ ነበር። በሥራዬ ሰው የምጠይቀውን ሁሉ ጠየቅሁት፤ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ፣ ሌላ ቦታ ብወስዳት የሚለወጥ ነገር ይኖር እንደሆነ። ሳይሸፋፍን መለሰልኝ። ለአባቴ የነገርኳቸው ግን የመጨረሻውን ቃሉን ብቻ ነው፦ «ቤቷ ትረፍ ብሏል።» ማረፍ የሚለውን እንዴት እንደሰሙት አላውቅም። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሙክቱ ሄዱ፣ ሣር ጨመሩለት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሳልሁት ከጎረቤት አናጢ በተዋስሁት ሞረድ ነው። ብረት በብረት መሳል የሚፈጥን መስሎኝ ነበር። አባቴ አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሻግረው ዳሰሱት።

«ይኼ መጋዝ ነው። በጉን ልትገዘግዘው ነው?»

ሞረዱን አስመለሱኝና መሳያ ድንጋያቸውን አወጡ። ከወንዝ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በብዙ ዓመት ሥራ መሐሉ ጎድጉዷል። ከእናቴ መኝታ ክፍል በር አጠገብ፣ ብርሃን ካለበት አስቀመጡልኝ። ድንጋዩን ውኃ አጠጣው አሉኝ። ቢላውን አስተኛው፤ ጀርባውን የስንዴ አገዳ በሥሩ የምታሾልክ ያህል ብቻ አንሣው። አትጫነው። በአንዱ ጎን የገፋኸውን ያህል በሌላውም ግፋ።

ሲነገር ቀላል ነው። እጄ ግን አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይወድቃል። በአንዱ ጎን ብዙ ስገፋ በሌላው ጎን ፀጉር የመሰለ ብረት ይወጣና ጣት ይይዛል፤ እሱን ሳጠፋ ደግሞ ወደዚያኛው ይሻገራል። ድንጋዩ የጎደጎደው በአባቴ እጅ ልክ ስለሆነ ለእኔ እጅ አልመች አለ።

እናቴ ከውስጥ ታዳምጥ ነበር።

«ይጮኻል» አለችኝ። «አባትህ ሲስሉ እንዲህ አይጮኽም።»

«ምን ይል ነበር?»

«ሹክ ይላል እንጂ አይጮኽም። ጎረቤት ሳይሰማ ነበር የሚስሉት።»

«ጎረቤትማ አሁን ሰምቷል» አልኋት።

ልትስቅ ስትል ሳሉ ያዛት። ብዙ ቆየባት። ሲለቃት ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ተመልከት» አለች። «አባትህ ተሳሉ። አንተ ትስላለህ። እኔ እስላለሁ። ቤቱ በመሳል ዋለ።»

አባቴ ከደጅ ሰምተው ሳቁ። እሷን የሚያውቋት እንዲህ ስትናገር ነው። በወጣትነታቸው በቅኔ ቤት ትንሽ ቆይተው እርሻ ጠርቷቸው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ እናቴ ግን ፊደል ሳትቆጥር ትበልጣቸዋለች ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ድንጋዩን ሳነሣ፣ «ስለቱ ደረሰ?» ትለኛለች።

«ገና ነው እማዬ። ነገ።»

የቢላውን ይሁን የአባቴን ስለት ማለቷ እንደሆነ በድምፅዋ አይለይም።

ቀን እየገፋ ሲሄድ እጄ ለመደ። ድምፁ ረገበ። አንድ ቀን አባቴ ቢላውን ክንዳቸው ላይ አስተኝተው ጸጉሩን ላጩበት። ከዚያ መለሱልኝ። በማግስቱ ግን እንደ ልማዴ ድንጋዩን አጠጥቼ ተቀመጥሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ሳሏ ጋብ የሚል ይመስለኝ ነበር። ይህን በማስረጃ ላረጋግጥ አልችልም።

አባቴ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ።

«ይብቃው። ስታሳሳው ይሸረፋል።»

«ትንሽ ልጨርስ።»

«ጨርሰሃል፣ ልጄ።»

ቢላውን ከእጄ ወስደው አፎቱ ውስጥ ከተቱና ግድግዳው ላይ መለሱት። በዚያ ሳምንት፣ አንድ ማለዳ፣ እናቴ አረፈች።

ለቅሶው ሲቀል ጎረቤቶች ስለ ሙክቱ ማንሣት ጀመሩ። ተዝካሯ እየቀረበ ነው፣ ሙክቱም ደጅ ታስሮ ነው። የንስሐ አባታችን መጥተው ከአባቴ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ስለቱ አልደረሰም» አሏቸው ቀስ ብለው። «ስለዚህ ዕዳ የለብዎትም። በጉ የቤትዎ ነው፤ ለተዝካሯ ያድርጉት።»

«አባ፣ ምን ብዬ እንደተሳልሁ ያስታውሳሉ?»

«ከአልጋ ከተነሣች ብለዋል።»

«ተነሥታለች» አሉ አባቴ።

የእናቴ የጠፍር አልጋ ታጥቦ፣ ፀሐይ እንዲመታው ግድግዳው ላይ በቁሙ ተደግፏል። ሦስታችንም ወደዚያ አየን። ካህኑ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በላይ እንዲፈታላቸው አልጠየቁም። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዲያው እሑድ ያምጡት» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙክቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ አቆምነው። አባቴ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ራሱን ያዙልኝ፤ እኔ በስመ አብ ብዬ ቢላውን አሳረፍሁ። ከዚያ በፊት አርጄ አላውቅም። ቢላው ድምፅ አላሰማም። ሥጋው ለነዳያንና ለአገልጋዮቹ ሆነ፤ እኛም ከእነሱ ጋር ተቀምጠን በላን።

ቤት ስንመለስ አባቴ ቢላውን ዳሰሱት። አጥንት ነክቶ ዶልዱሟል።

«ሳለውና ስቀለው» አሉኝ።

ድንጋዩን አጠጥቼ ከዚያው በር አጠገብ ተቀመጥሁ። አልጋው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ምንም አልተነጠፈበትም። ጥቂት ከሳልሁ በኋላ እጄ ቆሞ ወደ ክፍሉ እያዳመጥሁ መሆኔን አወቅሁ።

«ምነው ቆምህ?» አሉ አባቴ ከደጅ።

«ምንም አይደል» አልኋቸው። ቢላውን ገልብጬ በሌላው ጎን ቀጠልሁ።